ወንበሮቹ እኔ ክፍል ይግቡ

ሰኞ ማታ

አይ፣ ሽታው የኔ አይደለም። የመኪናው ነው። ማንም አልጠየቀኝም፤ አለመጠየቃቸው ነው ያናደደኝ። ምራቴ ከመኪናው ወርዳ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ፣ «እማማ፣ ሹራብዎን ልጠብልዎት እንዴ?» አለችኝ። ሹራቤን! ትናንት ያጠብኩትን ሹራብ! «አንቺ፣ አፍንጫሽን ወደ ኋላ ወንበር መልሺው» አልኳት። ልጄ መሃላችን ቆሞ ቁልፉን ያሽከረክራል። መኪና ከገዛ ወዲህ ዲዳ ሆኗል።

መኪናዋ ያገለገለች ናት። ከውጭ ስትታይ ሙሽራ ናት፣ ትብለጨለጫለች። በሩን ስትከፍቺው ግን እምክ እምክ ይላል፣ ተዘግቶ እንደኖረ ቁም ሣጥን። ልጄ ሲገዛት ፀሐይ ነበር፤ ሻጩ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ፣ ሽቶ ረጭቶ ነው ያሳየው። ዝናቡ ሲገባ ሽታው ተነሳ። ዛሬ የኋላውን ወንበር አየሁት፤ ቆዳው ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። በጣቴ ነካሁት። ዱቄት አይደለም፣ ሻጋታ ነው።

ልጄ የሚያሳዝነኝ ለራሱ ብሎ አይደለም የገዛት። የሴት ልጁ ደረት ደካማ ነው፤ አውቶቡስ ስትጠብቅ ብርድ ይመታታል፣ ጭስ ያፍናታል ብሎ ነው።

ወንበሮቹ ተፈተው ይውጡና ይድረቁ ተባለ። የት ይድረቁ? ውጭ ዝናብ ነው። ሳሎኑ ጠባብ ነው። የነሱ ክፍል ውስጥ አልጋውና ቁም ሣጥኑ ተቃቅፈው ነው ያሉት። «እኔ ክፍል ይግቡ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ማንም አላስገደደኝም። ክፍሌ ከማድ ቤቱ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ሙቅ ነው። ደግሞስ እዚህ ቤት ከኔ በላይ ቆዳ የሚያውቅ ማን አለ? ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ጸጉሬ እስኪሸብት ቆዳ ሳሽ ነው የኖርኩት።

«ልጅቷስ?» አለች ምራቴ። የልጅ ልጄ የምትተኛው ከኔ ጋር ነው።

«ልጅቷ ምን ትሆናለች? ወንበር አይናከስም።»

ልጄ ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቻለሁ።

ማክሰኞ

ጉንዳን ስጽፍ ትቆጣጠረኛለች። ጉንዳን የምላት የልጅ ልጄን ነው፣ አርፋ ስለማትቀመጥ። እሷ ሁለተኛ ክፍል ናት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፣ የማታ ትምህርት፣ ያውም ሳልጨርሰው። «በየቀኑ ካልጻፍሽ ይጠፋብሻል» ብላ ደብተር ሰጠችኝ። ስሳሳት ትቆነጥጠኛለች።

ወንበሮቹ ገብተዋል። የፊቱ አንዱና የኋላው ረጅሙ። የሹፌሩ ብቻ መኪናው ውስጥ ቀርቷል፣ ልጄ ሥራ የሚሄድበት። መኪናዋ አንድ ጥርስ የቀረው ሽማግሌ መስላለች።

በሳሙናና በሙቅ ውሃ ፈትጌ አጠብኳቸው። የታጠበበት ውሃ ጠቁሮ ወጣ። ከዚያ ቅባት፤ ቆዳ ቅባት ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ደግሞ በላስቲክ ጥቅልል። ፋብሪካ ውስጥ ለስላሳ ቆዳ የምናቆየው እንደዚህ ነበር፤ ቀባብተን፣ ጠቅልለን፣ ነፋስ እንዳያየው ዘግተን። መስኮቱንም ዘጋሁት።

ጉንዳን የኋላው ወንበር ላይ ወጥታ መሪ ትይዛለች፣ የድስት ክዳን ነው መሪው።

«እማማ፣ ወዴት ልውሰድሽ?»

«ወደ ወጣትነቴ።»

«እሱ ሩቅ ነው፣ ነዳጅ አይበቃም።»

ምላሷ የኔው ነው። ከናቷ አልወሰደችውም።

ሐሙስ

ጉንዳን አሳላት። ትንሽ ነው። ብርድ ነው፤ ትናንት እግሯን አርጥባ መጥታለች። ሻይ በማር አጠጣኋት። ወንበሮቹ ደህና ናቸው። አልገለጥኳቸውም፣ ግን ደህና ናቸው።

ዓርብ

ልጄ ማታ ማታ ክፍሌ መምጣት ጀምሯል። ፋብሪካ ውስጥ የመብራት ሠራተኛ ነው፣ ሲመለስ እጁን ሳይታጠብ መጥቶ ወንበሮቹን ያያል። ከዚያ ረጅሙ ላይ ቁጭ ይላል። ከዚያ ያወራል። ስለ አለቃው፣ ስለ ተቃጠለ ሞተር፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም። ካገባ ወዲህ እንዲህ አውርቶኝ አያውቅም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሚቀመጥበት አልነበረውም እንጂ። ክፍሌ ውስጥ ያለው አልጋ ብቻ ነው።

ላስቲኩ ሲቀመጥበት ይንጫጫል። «ዳክዬ ረገጥክ» እለዋለሁ።

እሁድ

ላስቲኩን ገለጥኩት። ኧረ ጉድ በሉ! አንዲት ነጭ ነጥብ የለችበትም። ፊቴ ይታይበታል፤ ባይታይ ይሻል ነበር እንጂ። ልጄ ግንባሬን ሳመኝ። «እማዬ፣ አንቺ ራስሽ ፋብሪካ ነሽ» አለኝ።

በቃ ልግጠማቸው አለ። «ቅባቱ ይስረግ፣ ጥቂት ይቆዩ» አልኩት። ምን አስቸኮለው? ይስረግ።

ምራቴ ሻይ ይዛ ገብታ ዓይኗን አሸች። «እዚህ ክፍል ዓይኔን ያቃጥለኛል» አለች።

«ሽንኩርት ከትፈሽ መሆን አለበት።»

«ሽንኩርት አልከተፍኩም።»

«እንግዲያው ክተፊ፣ ምሳ ደርሷል።»

ነገር መመለስ አይሰለቸኝም። ከመለስኩ በኋላ ነው የሚሰለቸኝ።

ማክሰኞ

ተመልሷል።

በስፌቱ መሃል ነው፣ ክሩን ተከትሎ። አሁን ነጭ አይደለም፤ አረንጓዴ አለው። ጉንዳን ትምህርት ቤት፣ ልጄ ሥራ፣ ምራቴ ገንዘብ ተቀባይ ሆና በምትሠራበት የገበያ ማዕከል። ማንም አላየም። ሱቅ ሮጥኩ።

ባለሱቁ «እማማ፣ ይህን ሁሉ ኮምጣጤ ይጠጡታል እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ምላሴን ልስልበት ነው።»

ወለወልኩት፣ ጠፋ። ቅባት ደገምኩት፣ ጠቀለልኩት። ልጄ ማታ መጥቶ ቁጭ አለበት። ደስ ብሎት ነበር፤ ምን ብዬ ላሳዝነው?

አንድ ነገር ብቻ። እጄን ወንበሩ ላይ ስጭነው ይቀዘቅዛል። ክፍሉ ሙቅ ነው፣ ወንበሩ ግን እንደ ውሻ አፍንጫ ነው።

ረቡዕ

ጉንዳን ሌሊት አሳላት። ጠዋት ሲያዩአት ደህና ናት። ልጅ ያስለዋል።

ዓርብ

እንደገና ወለወልኩ። በየቀኑ ነው አሁን፣ እነሱ እንደወጡ። ላስቲኩ በውስጥ በኩል ላብ ያልበዋል። ወርዶ ወርዶ ታች ይጠራቀማል፣ በጨርቅ እመጠዋለሁ። ጨርቁን ውጭ ነው የምጥለው፣ እዚህ ቤት ቆሻሻ ውስጥ አይደለም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሲመሽ፣ መብራት ሳይበራ፣ ተከናንበው የተቀመጡ ሰዎች ይመስላሉ። ተነሱ ብትላቸው የማይነሱ እንግዶች።

ሰኞ

ሐኪም ቤት ዋልን። ጉንዳን ስትታፈን አፏ ላይ አድርጋ የምትስባት ሰማያዊ መድኃኒት አለች፤ ጡሩንባ እንላታለን። ሌላ ጊዜ ጡሩንባዋን ለወራት ረስታት ትኖራለች። አሁን ኪሷ ውስጥ ናት፣ በየቀኑ ትነፋለች። ምራቴ ፈቃድ ወስዳ መጣች፣ እኔም ተከተልኳቸው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ጀርባዋን አዳመጠቻት። «ቤት ውስጥ እርጥበት አለ? ሻጋታ? ድመት፣ ምንጣፍ?» ብላ ጠየቀች።

ምራቴ፣ «የመኪና ወንበር ሻግቶ ነበር፣ አሁን ግን ጠፍቷል» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አይደል እማማ? ጠፍቷል አይደል?»

«ጠፍቷል» አልኩ።

ጠዋት ወልውዬው ነበር። በዚያ ሰዓት አልነበረም። ስለዚህ ውሸት አይደለም።

ሐኪሟ ጻፈች። ሌላ የሚሳብ መድኃኒት ጨመረችላት። ስንወጣ ጉንዳን እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ትኩስ ነው። «እማማ፣ ለምን አታወሪም?» አለችኝ። መንገዱን ሙሉ ዝም ብያለሁ ለካ። እሷ ናት ያወቀችብኝ።

ቅዳሜ

ጉንዳን የለችም። የምራቴ እናት ጋ ሄደች፣ እስከ ነገ። ሴትዮዋን እመቤቲቱ ነው የምላት። ፎቅ ላይ ናት፤ ነፋሱ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል። መጋረጃዋ እንኳ ነጭ ነው። ነጭ መጋረጃ የሚሰቅል ሰው ምን ሥራ አለው?

ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ሳል የለም። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም፤ ሳሉን ለምጄው።

እሁድ

እመቤቲቱ ስልክ ደወለች፣ ለምራቴ። ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ማድ ቤት ይሰማል። «እዚህ አንዴም አላሳላት! እንደ ድመት ተጠቅልላ ተኝታ አደረች!»

ምራቴ ቀና ብላ አየችኝ፣ መልሳ አቀረቀረች።

የፎቅ ቤት ስለሆነ ነው። ወይ ደግሞ ሴትዮዋ ጆሮዋ አይሰማም። አዎ፣ ጆሮዋ አይሰማም፤ ባለፈው ጮኬ ነው ሰላም ያልኳት።

ሰኞ

ትናንት ማታ መጣች። ዛሬ ጠዋት ደረቷ ያፏጫል።

ማክሰኞ

ይህን ልጻፍ ወይስ አልጻፍ ብዬ ነበር። እጽፈዋለሁ፤ ጉንዳን ተኝታለች፣ ሌላ የሚያነበው የለም።

ባልና ሚስቱ ማድ ቤት ነበሩ። ግድግዳው አንድ ነው፣ እኔም ጆሮ አለኝ።

ምራቴ፣ «ስለ እናትህ አልተናገርኩም። ስለ ክፍሉ ነው።»

ልጄ፣ «ለሷ ክፍሉም እሷም አንድ ናቸው። ይከፋታል።»

ምራቴ፣ «ልጄ ከምትታፈን እሳቸው ይክፋቸው!»

ከዚያ ዕቃ ወደቀ፤ ወይ ጣለችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እናቴ ጋ ትክረም። ዝናቡ እስኪወጣ።»

ልጄ የወደቀውን ዕቃ ሲያነሳ ሰማሁ። ቆይቶ፣ «እማዬ ወንበሮቹን በየቀኑ ነው የምትንከባከባቸው። ንጹሕ ናቸው። በዓይኔ አያለሁ» አለ።

በዓይኑ ያያል። እኔ ያሳየሁትን ያያል።

አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ትክረም! አንድ ጊዜ እዚያ ከከረመች ለምን ትመለሳለች? ነጭ መጋረጃ አለ፣ ነፋስ አለ። እዚህ ምን አለ? እኔ ነኝ ያለሁት። ጠዋት ጸጉሯን ማን ያበጥርላታል? ያቺ ሴትዮ ማበጠሪያ ስትይዝ ሹካ የያዘች ነው የምትመስለው።

ከዛሬ ጀምሮ በቀን ሁለቴ እወለውላለሁ። በረኪናም ገዝቻለሁ።

ረቡዕ ቀትር ላይ

ቶሎ ልጻፈው፣ ሳይመጡብኝ።

ልጄ ወንበሮቹ ተመልሰው ሳይገጠሙ የተተረተረ ስፌት ካለ ይታይ ብሎ የመኪና ወንበር የሚያለብስ ሰውዬ ልኮ ነበር። ወፍራም፣ ጆሮው ላይ ጠመኔ የሰካ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። አፍንጫውን ነፋ።

«እናቴ፣ ይሄ መስኮት አይከፈትም?»

«ይከፈታል፣ ግን ዝናብ ይገባል።»

«ይግባ» አለና ሄዶ ከፈተው። በሰው ቤት!

ላስቲኩን ገለጠ። ቆዳውን በአውራ ጣቱ አሸት አድርጎ ጣቱን አሸተተ። «ምን ቀብተውት ነው?»

«ቅባት ነዋ። ቆዳ ለቅልቀህ ታውቃለህ? እኔ ጫማ ፋብሪካ…»

«ጫማ ከሥሩ ስፖንጅ የለውም፣ እናቴ» አለኝ።

አልሰደበኝም። ለስላሳ ነው ንግግሩ። ባይሆን ይሻለኝ ነበር፤ ለተሳዳቢ መልስ አላጣም።

ረጅሙን ወንበር ከግድግዳው ሳያላቅቅ በፊት በኩል ቀና አድርጎ ሆዱን በምላጭ ቀደደው። እኔ ያንን ሽታ ምን ልበለው? ስፖንጁ ቢጫ መሆን ነበረበት፤ እስከ መሃሉ ጥቁር ነው። ሲጨምቀው ውሃ ወጣ። እኔ ያጠብኩበት ውሃ ብቻ አይደለም፤ ደለል ነበረበት። ከብረቱ ሥር ደግሞ የደረቀ ጭቃ በእፍኝ ወረደ፣ ቅጠል ያለበት። የወንዝ ዳር ቅጠል።

«ይቺ መኪና ጎርፍ ውስጥ አድራለች» አለ። «ሻጩ ላዩን አሳምሮ ነው የሸጣት። እርስዎ ላዩን ሲወለውሉ ከሥር ይፈላል። ቅባቱ ምግቡ ነው፣ ላስቲኩ ብርድ ልብሱ። ቆዳውን ገፍፈን፣ በአልኮል ጠርገን፣ ነፋስ ላይ አድርቀን ልናድነው እንችል ይሆናል። ስፖንጁ ግን ይጣላል።» አፉን በጨርቅ አሰረ። «ደግሞ ይሄ ነገር ሲደርቅ ይበናል። ደረት ውስጥ ይገባል።»

ከዚያ አልጋውን አየ።

«ይሄ አልጋ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ሁለት ትራስ አለው።»

«ትራስ እወዳለሁ።»

አየኝ። ደግሞ አየኝ። «ልጅ እዚህ እንዳይገባ፣ እናቴ። እርስዎም ሌላ ቦታ ይደሩ። ወንበሮቹን ዛሬውኑ ወደ ውጭ ያስወጧቸው፤ ዝናብ ቢመታቸው ከዚህ በላይ አይርሱም። ቅዳሜ ፒክአፕ ይዤ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ። ለልጅዎ ደወልኩለት፣ አያነሳም።»

«ፋብሪካው ጩኸት ነው፣ አይሰማውም። እኔ እነግረዋለሁ።»

እነግረዋለሁ ነው ያልኩት።

ረቡዕ ማታ

ልጄ መጣ። ወንበሩን መልሼ አቅንቼው፣ ላስቲኩን አልብሼው ነበር። ቀዳዳው በሥር ስለሆነ አይታይም። ቁጭ አለበት። «ሰውዬው ምን አለ?» አለኝ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ አለ።»

ብሏል። ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል።

ልጄ ጫማውን አወለቀና እግሩን ዘረጋ። አለቃው ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር ሰብሮ እንደወደቀ ነገረኝ፤ ሁለታችንም እስክናለቅስ ሳቅን። አሁን ልንገረው፣ አሁን ልንገረው እያልኩ ነው የምስቀው። ብነግረው ምን ይለኛል? «መቼ አወቅሽ?» ይለኛል። ሌላውን ሁሉ እመልሳለሁ፤ ለዚህ መልስ የለኝም። ከዚያ ጉንዳን ወደ እመቤቲቱ፣ ወንበሮቹ ወደ ውጭ፣ እሱም ወደ ክፍሉ። እኔ እዚህ ከአልጋዬ ጋር ተፋጥጬ እቀራለሁ። አንድ ሁለት ቀን ነው፣ ቅዳሜ ሩቅ አይደለም።

ለጉንዳን «ዛሬ ከናትሽ ጋር ተኚ፣ ትራገጪኛለሽ» አልኳት። አለቀሰች። ትራሷን አቅፋ ሄደች፣ ትንሽ ቆይታ ትራሷን አቅፋ ተመለሰች። «አልራገጥም፣ እግሬን አጥፌ እተኛለሁ» አለችኝ። እግሯን አጥፋ! አንጀቴን በላችው። ግቢ አልኳት።

መስኮቱን ከፈትኩት፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ዘጋሁት።

ፊቷን ወደ ወንበሮቹ አድርጋ ተኝታለች። ላዙራት ብዬ ነበር። እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ተውኳት።

ሐሙስ

ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ።

ልጄ ማታ ፈረቃ ገብቷል አሉ። በስልክ አይነገርም እንዲህ ያለ ነገር። ምራቴ ፊቷ ጠቁሯል፣ ለሷማ አልነግራትም።

ዓርብ

ወሰዷት።

ሊነጋ ሲል ነው። ጡሩንባዋን ሳበች፣ ደግማ ሳበች፣ እንቢ አለ። አንገቷ ላይ ያለው ጉድጓድ ወደ ውስጥ ይገባል። የከንፈሯን ቀለም አልጽፍም። ልጄ ከማታ ሥራው ገና መግባቱ ነበር፣ የሥራ ልብሱን አላወለቀም። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸክሟት ሮጠ።

መኪናዋ ውስጥ ያለው የሹፌሩ ወንበር ብቻ ነው። ምራቴ ባዶ ብረቱ ላይ ተንበርክካ፣ ልጅቷን በደረቷ ደግፋ ሄደች። ብሎኖቹ ላይ ነው የተንበረከከችው። በባዶ እግሯ ነበረች።

እኔን የሚያስቀምጥ ቦታ አልነበረም።

ዓርብ፣ ቀን

ስልክ አልተደወለም።

ማድ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ክፍሌ አልገባም። ውሃ አፍልቼ ረሳሁት፣ ድስቱ አረረ።

ልጄ ደወለ። ኦክስጅን ሰጥተዋታል። «አሁን ትተነፍሳለች» አለኝ። አሁን ማለት ምን ማለት ነው? ቀድሞስ? አልጠየቅኩትም። እሱም ዘጋው።

ቅዳሜ

ሰውዬው በጠዋት ፒክአፕ ይዞ መጣ። ከሾፌሩ ጋር ሆነው ወንበሮቹን አወጡ። ረጅሙን ከግድግዳው አላቀቁት። ግድግዳው ላይ የወንበሩ ልክ ቁጭ ብሎ ቀርቷል፤ ጥቁር፣ ከነመደገፊያው፣ ጠርዙ አረንጓዴ። ወደ አልጋው በኩል ሄዷል፣ ራስጌው ድረስ። አልጋውን ሳብ አደረጉልኝ። ፍራሹ ግድግዳውን በሚነካበት በኩል ጸጉር አብቅሏል። በጉንዳን በኩል። እኔ የምተኛው ከዳር ነው፣ እንዳትወድቅ ብዬ።

ሰውዬው ከአልጋው ሥር ትንንሽ ጫማዎች አየ። ሁለተኛውንም ትራስ አየ። ጠመኔውን ከጆሮው አንስቶ መልሶ ሰካው።

«ልጅቷ የት ናት?» አለኝ በመጨረሻ።

«ሐኪም ቤት።»

«ለልጅዎ ነግረውታል?»

ጎንበስ ብዬ ጫማዎቹን አነሳሁ። እኔ! ምላሴ ድንጋይ ሆነ።

«እኔ ልንገረው?»

«አይ» አልኩት። «ካንተ አፍ ከሚሰማው ከኔ ይስማው።»

ሲሄድ በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ይመስል።

ከዚያ ልጄ ደወለ። ድምፁ ቀሎታል። «ተሽሏታል እማዬ። ዛሬ እናመጣታለን። የእማማ አልጋ፣ የእማማ አልጋ ነው የምትለው፣ ሆስፒታሉን አስቸገረችው። ሐኪሟ ደግማ ጠየቀችን፣ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ካለ ንገሩኝ አለች። ምንም የለም አልናት። የለም አይደል?»

«ስትመጡ እነግርሃለሁ» አልኩት።

የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፣ ትንፋሹ ግን ይሰማል።

ለእመቤቲቱ ደወልኩላት። ደውዬላት አላውቅም፤ ቁጥሯን ያገኘሁት ማቀዝቀዣው ላይ ምራቴ ከለጠፈችው ነው። «እኔ ነኝ» አልኳት። ደንግጣ «ልጅቷ ምን ሆነች?» አለች።

«ተሽሏታል። እርስዎ ጋ ትክረም። ክፍሌ ለሷ አይሆናትም።»

«እርስዎስ የት ይሆናሉ?» አለችኝ።

ክፉ ልትናገረኝ ትችል ነበር። ስደውል ተዘጋጅቼ ነበር፣ ሁለት ሦስት መልስ አፌ ላይ አድርጌ። ይህን ግን አልጠበቅኩም። ጆሮዋም ይሰማል፤ በሹክሹክታ ነው ያወራሁት፣ አንዲት ቃል አላመለጣትም።

የጉንዳንን ልብስ በፈላ ውሃ አጥቤ ማድ ቤት አደረቅኩት፣ እዚያው አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። የትምህርት ቤት ደብተሯን ጨመርኩ። ማበጠሪያውንም ጨመርኩ። ለሴትዮዋ ከጫፍ ይጀመራል ብዬ እነግራታለሁ፣ ከሥር ከጀመሩ ያማታል።

አሁን እንዴት ብዬ ልጀምር? «አላውቅም ነበር» ብል ልጄ ያምነኛል። ክፋቱም እሱ ነው፣ ያምነኛል። «ሰውዬው ረቡዕ ነግሮኝ ነበር» ብል ይበቃል? ረቡዕ ብቻ ነው እንዴ? ተመልሶ በስፌቱ መሃል ያየሁት ጊዜስ? ሐኪሟ ፊት «አይደል እማማ?» ስባልስ? ለሌላው ሁሉ ቃል እየቸረቸርኩ ኖሬ ለዚህ ጨርሻለሁ። ከምራቴ ፊት ነው የምናገረው፣ ብረት ላይ ከተንበረከከችው። ጉልበቷን ሳላይ እጀምራለሁ። ካየሁት አልችልም።

መጡ። መኪናዋ ናት፣ ድምፅዋን አውቀዋለሁ።

ሳሏን ሰማሁ። ደረቅ ነው፣ ግን ሳል ነው፣ ትንፋሽ ያለው ነው።

«እማዬ! በሩን ክፈቺልን፣ ተሸክሜያት ነው፣ ዝናብ ነው!»

«እማማ! ቦታዬን አሙቂልኝ!» ትላለች እሷ።

ከፍቼ አላስገባቸውም። እወጣለሁ፣ በሩን ከኋላዬ እዘጋዋለሁ፣ ዝናቡ ላይ እዚያው ቆመው ይሰሙኛል። ሻንጣውን ይዣለሁ። መጣሁ፣ መጣሁ